በስተግራ የቆመችው

ሐምሌ 2 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ጭላሎ ተራራ ከሰኔ ወዲህ ፊቱን አላሳየንም። መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጣ። ፎቶ ኮፒ ማሽኔ ባስነሣሁት ቁጥር እንደ አኩራፊ ሽማግሌ ያጉረመርማል።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ነገሳ ሱቅ መጡ። ፎቶ ቤታቸው ከተዘጋ አሥራ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ቦታው ላይ አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጣል። አሰላ ግን ዛሬም «ነገሳ ፎቶ ጋ እንገናኝ» ነው የሚለው። ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ፎቶ አወጡ።

«ይህችን አሳድገህ ሥራልኝ ወንዴ። ለሐዊ ሠርግ ነው፣ መስከረም 24። አትቸኩል፤ ግን አደራ።»

ሐዊ ልጃቸው ናት፣ አዳማ ነርስ ናት። እሺ አልኩ። ጋዜጣውን ፈታሁት። ተሻለች ናት! አንድ ካሴት ብቻ አሳትማ የቀረች፣ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት የሆናት፣ እኔና ስድስት ሺህ የቴሌግራም ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ያልቀበርናት ተሻለች። በ1979 ሁሩታ አዳራሽ ከመድረኩ ጀርባ ቆማ ትስቃለች። በስተግራ አንዲት ልብስ ሰፊ የቀሚሷን እጅጌ ይዛ አብራ ትስቃለች። ከታች በስተግራ «ነገሳ ፎቶ አሰላ» የሚል ማኅተም አለ።

«የተሻለች ወዳጆች» ግሩፕን ስድስት ዓመት አስተዳድሬያለሁ። እንዲህ ያለ ፎቶ አይቼ አላውቅም። እዚያው ጠረጴዛው ላይ በስልኬ አንሥቼ ለጠፍኩት። ጋሽ ነገሳ ገና አስፋልቱን አልተሻገሩም ነበር።

ሐምሌ 3

እንቅልፍ የለም። አስተያየት እንደ በረዶ ይወርዳል። ግማሹ እንባ፣ ግማሹ አቃቂር። «ብርሃን ያንጸባርቃል።» «ያቺ በስተግራ ያለችው ማናት? ፎቶውን አበላሸችው።» «ተሻለችን ብቻዋን ልቀቅልን።»

እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያውን ልጥፍ አጠፋሁት። የዋናው ጠርዝ ተጣጥፎ ነበር፣ ስካነሩ ላይ አልተኛ አለኝ፤ የላሚኔሽኑ ፕላስቲክም ልኩ ትንሽ ነው። በወረቀት መቁረጫው አስተካከልኩት። በጥራት ስካን አድርጌ፣ የግሩፓችንን ስም መሐሉ ላይ አሳርፌ ለጠፍኩ። ዋናውን ላሚኔት አደረግኩት፣ ከእርጥበት ይጠበቅ ብዬ። አምሮበታል።

ሐምሌ 8

አርባ ሺህ ሰው አይቶታል። አርባ ሺህ! አሰላ ስታዲየም ቢሞላ እንኳ አይበቃቸውም።

ሔኖክ ከአዲስ አበባ ደወለ። የግሩፑ አባል ነው፤ መስከረም ውስጥ እዚህ አሰላ የተሻለችን የመታሰቢያ ምሽት የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ፎቶውን ለፖስተር ፈልጎታል።

«ፎቶው የማን ነው ልበል ጋሽ ወንዴ?»

«ከማኅደራችን በል» አልኩት።

ባለቤቴ ዘመናይ ሽንኩርት እየላጠች ሰማችኝ። «የማን ማኅደር?» አለች። «እኛ ቤት ያለው ማኅደር ያንተ ነጠላ ካልሲ ነው።» ሴት ልጅ የሰው ደስታ አይዋጥላትም።

አንዱ ከግሩፑ «ወንዴ ባይኖር ተሻለች ሁለተኛ ትሞት ነበር» ብሎ ጻፈ። ሦስቴ አነበብኩት።

ሐምሌ 15

ተናደድኩ። ኢስራ የምትባል ልጅ፣ ሁሩታ ፋርማሲ ነው የምትሠራው፣ የድሮ ፎቶ በስልኳ ቀለም ትቀባለች። ያንን ያጠፋሁትን የመጀመሪያውን አውርዳው ኖሯል። ቀለም ቀብታ፣ ሁለቱንም ሴቶች እንዳሉ ትታ ግሩፑ ውስጥ ለጠፈችው። ከሥሩ ምን ብላ ጻፈች? «ፎቶ፦ ነገሳ ፎቶ፣ አሰላ። ቀለም፦ ኢስራ።»

ስለ ግሩፑ አንድ ቃል የለም። ፎቶውን ያገኘችው ከእኔ! ሕግ ቁጥር ሦስት ግልጽ ነው፦ የሰው ፎቶ የሚለጥፍ ምንጭ ይጥቀስ። አስወጣኋት። የለጠፈችውንም አጠፋሁ።

ቆየት ብላ በግል ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ እኔ ማኅተሙ ላይ ያለውን ነው የጻፍኩት።»

አልመለስኩላትም።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ዛሬ ሥራ አልነበረም። ሙሉ ቀን ጎርፉን እያየሁ ስለ ዱሮው ሳስብ ዋልኩ፤ ማታም እሱኑ እያሰብኩ ነው።

ነገሳ ፎቶ ስትገባ መጀመሪያ የምታገኘው መስታወቱንና በክር የታሰረችውን ማበጠሪያ ነው። ያቺ ማበጠሪያ የከተማውን ፀጉር ሁሉ ታውቀው ነበር። ግድግዳው ላይ ባሕር ተስሏል፣ ከባሕሩ በላይ አውሮፕላን ይበራል። ባሕርም አውሮፕላንም በዓይናችን አይተን የማናውቅ ልጆች ፊቱ ቆመን እንኮራለን። ኮቱ አንድ ነው፣ ክራባቱም አንድ። የስምንተኛ ክፍል ፎቶዎቻችንን ቢደረድሯቸው አንድ ሰው ጭንቅላት እየቀያየረ የተነሣ ይመስላል። ጋሽ ነገሳ ያኔ ወጣት ነበሩ። «አገጭ ቀና፣ ትንፋሽ ያዝ» ይላሉ። ከዚያ አራት ቀን ትጠብቃለህ። ቆንጆ ወጥተህ ይሁን ዓይንህን ጨፍነህ አታውቅም። እንደዚያ ያለ ጉጉት ከዚያ በኋላ ሕይወቴ ውስጥ አላገኘሁም፤ ናፈቀኝ።

ደግሞ ሥርዓት ነበረው። መንገድ ዳር ባለው መስኮት ላይ የሚሰቀለውን ፎቶ ባለቤቱን ሳይጠይቁ አይሰቅሉም። አንድ ጎረምሳ የአስተማሪያችንን እህት ፎቶ አባዝተው እንዲሰጡት ቢለምናቸው «ራሷን ጠይቃት፤ ፎቶው የሷ ነው፣ እኔ ያነሣሁት ብቻ ነኝ» ብለው ሸኙት። ለጓደኛ የሚሰጥ ፎቶ ጀርባው ላይ ይጻፍበታል፦ ለማስታወሻ ይሁን፣ ከእገሌ ለእገሌ፣ ቀንና ዓመት። ፎቶ ከማን እንደመጣ የማይታወቅበት ቤት አልነበረም። አሁን አንድ ሥዕል በአንድ ቀን ሺህ ሰው እጅ ይገባል፣ ከየት እንደተነሣ ግን የሚጠይቅ የለም። ሰው ምን ነካው? እኔ እኮ ሕግ ቁጥር ሦስትን ያወጣሁት ለዚህ ነው።

ተሻለችንም አስታወስኩ። መግቢያ ስለሌለን ከአዳራሹ ውጭ ጆሯችንን ግድግዳው ላይ ለጥፈን ነበር የምንሰማት። በረዶ አናታችንን ይወግረናል፣ ማንም አይንቀሳቀስም። እሷ ስትጨርስ ከውስጥ ያጨበጭባሉ፣ ከውጭ እኛ እናጨበጭባለን።

ሐምሌ 29

ጋሽ ነገሳ መጡ። «ደረሰች?»

«ማሽኑ አስቸግሮኝ ነው ጋሼ።» ማሽኑ ደህና ነው። ላሚኔት የተደረገው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

ዝናቡ እስኪያባራ ወንበር ሰጠኋቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በራሳቸው ጊዜ ጀመሩ።

«የአውራጃውን ሴት ሁሉ አንሥቻለሁ፤ የራሴን ሚስት ግን ማንሣት አልቻልኩም። ተስፋነሽ ካሜራ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ያቺ አንዷ ናት ስትስቅ የያዝኳት። ለተሻለች ቀሚሱን ሰፍታላት፣ እጅጌው አልገባ ብሎ ሁለቱም ሲሳሳቁ ነው ቀጭ ያደረግኩት። ስትሞት ሐዊ ስድስት ዓመቷ ነበር። ‹እማዬ ስትስቅ ምን ትመስል ነበር?› ትለኛለች። ይኸው ሠርጓ ላይ ታያት ብዬ ነው።»

«በስተግራ ያሉት እሳቸው ናቸው?» አልኩ።

«ታዲያ ማን መሰለህ፣ አንተ ወንዴ? ተሻለችንማ ምን ላድርጋት ለሠርግ?»

«ኔጋቲቩስ?»

«ጣሪያው አፍስሶበት ተጣበቀ እኮ። ያኔ ሱቁን ስዘጋ። ማል ጎና፣ ምን እናደርጋለን። እሷ ብቻ ናት የቀረችው።»

ሄዱ። መሳቢያውን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ነሐሴ 1

ቁራጩ የለም። የሐምሌ ቆሻሻ በሐምሌ ሄዷል። ስልኬንም ፈተሽኩ። ቦታ ሞላ ብዬ ሙሉውን ፎቶ ያኔውኑ አጥፍቼዋለሁ።

ነሐሴ 2

የለም።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። ሐምሌ 2 ቀን «አንዲት ልብስ ሰፊ» ብዬ ጽፌያለሁ። ልብስ ሰፊ መሆኗን ማን ነገረኝ? ፎቶው ላይ መርፌ የለ፣ ክር የለ። ጋሽ ነገሳም በዚያን ቀን አልነገሩኝም።

አውቄያታለሁ። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ የዩኒፎርም ሱሪዬን ሁለት ጊዜ ያስረዘመችልኝ እትዬ ተስፋነሽ ናት። በሁለተኛው ጊዜ «አንተ ልጅ፣ እግርህን ወይስ ሱሪህን ነው የምከተለው?» ብላ ሳቀችብኝ። ያንኑ ሳቅ ነው ፎቶው ላይ ያየሁት። አየሁት፤ መቁረጫውን አነሣሁ። አላወቅኳትም ብዬ ለራሴ የነገርኩት ከቆረጥኳት በኋላ ነው።

ይህን ለመጻፍ አንድ ወር ፈጀብኝ።

ነሐሴ 11

ዘመናይ አወቀች። እህል አልበላ ሲለኝ ጊዜ አፋጠጠችኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እሱ ባሰብኝ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለች። «ማድመቁ ቀርቶ አጥፊ ሆንክ። አሁን ምን ቀረህ?»

«ኢስራ ጋ ሙሉው አለ። ግን በምን ዓይኔ?»

«ባለህ ዓይን። ሂድ።»

ጻፍኩላት። ማንበቧን የሚያሳየው ሁለት ምልክት መጣ፣ መልስ አልመጣም። እኔም እንዲሁ አድርጌያት የለ?

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ሁሩታ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ስለ ገብስ ያወራሉ፣ ዝናቡ በዛ አልበዛ። እኔ የምናገረውን እያጠናሁ ነበር። ፋርማሲው ስደርስ ግን ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝና ወረፋ ያዝኩ። ተራዬ ደረሰ።

«ምን ልስጥዎት?»

«ወንደሰን ነኝ። ከግሩፑ።»

ትክ ብላ አየችኝ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከኋላዬ ያሉትን አሮጊት አስተናግዳ ወደ እኔ ተመለሰች። «ሕግ ቁጥር ሦስት ነዎት?»

አፈርኩ። እዚያው ቆሜ፣ በማስታገሻና በሽሮፕ መሐል፣ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ መቁረጫው ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ወላሂ እኔ በስልክ ብቻ የቆረጡት መስሎኝ ነበር» አለች።

ስልኳን አወጣች። ሁለቱም ነበሩ፦ እኔ ያነሣሁት የመጀመሪያው፣ እሷ የቀባችውም። ትልቅ አድርጌ አየሁት። የሱቄ አምፖል ብልጭታ በቀጥታ እትዬ ተስፋነሽ ግራ ጉንጭ ላይ አርፏል። ቀጥ አድርጌ ለማንሣት እንኳ ትዕግሥት አልነበረኝም። ግማሽ ሳቋ ነጭ ነው።

«ይህን ጉንጭ ከሌላኛው እያየሁ ሞላሁት» አለች ቀለም የተቀባውን እያሳየችኝ። «ግምት ነው። ትክክሉ አይደለም።»

ሁለቱንም ላከችልኝ። ወደ ግሩፑ እንደምመልሳትና ይቅርታ እንደምጠይቃት ነገርኳት።

«የኔ ይቆይ። ፎቶ አንሺው ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እሳቸው ጋ ይሂዱ። እኔ ጋ የመጡት ይቀላል ብለው ነው።»

ልጅ ናት፣ አልተሳሳተችም።

ነሐሴ 26

አልሄድኩም። ነገ።

ነሐሴ 29

የሔኖክ ፖስተር ከተማውን ሞላው። መናኸሪያው አጥር ላይ ሦስት ተደርድሯል። ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሁለት ሰዎች ከፊቴ ያወራሉ። «ፎቶውን ያነሣው ያ የፎቶ ኮፒው ወንደሰን ነው አሉ።» «እሱ ያኔ ልጅ አልነበር?» «እንጃ፣ ግሩፑ ላይ እንደዚያ ይላሉ።» አንገቴን ኮቴ ውስጥ ቀበርኩ። እኔ ነኝ አላልኩም፤ አይደለሁም ብዬም አላውቅም።

ስመለስ ጋሽ ነገሳ ፖስተሩ ፊት ቆመዋል። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በካፖርታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አጠለቁት። ተሻለችን አልነበረም የሚያዩት፤ ዓይናቸው የፖስተሩ ግራ ጠርዝ ላይ ነበር። በሌላ መንገድ ዞሬ ሱቄ ገባሁ።

ጳጉሜን 2 ቀን፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ በራቸው ላይ ጠበቅኳቸው። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በላስቲክ ሸፍነው መጡ። «ግባ፣ ዝናብ ይመታሃል» አሉኝ። ያ ራሱ ገደለኝ።

ላሚኔት የተደረገውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አነሡት። በአውራ ጣታቸው የግራውን ጠርዝ ከላይ ወደ ታች ዳሰሱት።

«ቀጥ አድርገህ ነው የቆረጥከው» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ ነገሳ። እንዳላወቅኳቸው ሆንኩ እንጂ አውቄያቸው ነበር።»

«ሱሪህን ታስረዝምልህ ነበር።»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ፖስተሩን እስካይ ድረስ ማሽኑ ነው ብዬ አመንኩህ። ኤዬ።» አልተቆጡም። ቢቆጡ እመርጥ ነበር። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ እንደ ልጅ አለቀስኩ፣ እሳቸውም አላባበሉኝም።

ሳበቃ ከኢስራ ያመጣሁትን ሁለቱን አትሜ ይዤ ነበርና ሰጠኋቸው። ያልተቀባውን አዩና አስቀመጡት። ቀለም የተቀባውን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ።

«ማን ነው የሠራው?»

«ኢስራ የምትባል የሁሩታ ልጅ። ጉንጯን በግምት ነው የሞላሁት ብላለች።»

«ጉንጯ ደህና ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ስርጉድ ነበራት።» በጥፍራቸው አሳዩኝ። «ቀሚሱ ግን አረንጓዴ አልነበረም፣ ሰማያዊ ነበር። ጨርቁን ከጎበሳ ገበያ አብረን ነው የገዛነው።»

«እነግራታለሁ። ታስተካክለዋለች።»

«ስርጉዱንም አትርሳ።»

መስከረም 3 ቀን 2018

ኢስራ ሦስት ጊዜ እያስተካከለች ላከች። ሦስተኛውን ጋሽ ነገሳ «ይህቺ ናት» አሉ። ትልቅ አድርገን አተምነው፤ ሐዊ ትናንት ከአዳማ መጥታ ወሰደችው። እኔ ጋ አልገባችም፣ መንገድ ላይ ነው ያየኋት፣ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋው ነበር። አባቷ ነግረዋታል። ሰላምታዬን በራስ ንቅናቄ ብቻ መለሰች። ይገባኛል።

ሔኖክም ሁሉንም ሰምቷል። ፖስተሩን እየቀየረ ነው፤ «ለምን ያኔውኑ አልነገርከኝም?» አለኝና ስልኩን ዘጋው።

ዛሬ ጋሽ ነገሳ ሱቅ መጡ። ሙሉውን ፎቶ ግሩፑ ላይ ለመልቀቅ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነበር። ሐዊን ጠይቀው እሺ አሉኝ፣ ግን ከሥሩ የሚጻፈውን ራሳቸው ሊነግሩኝ ፈለጉ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልቀመጥም አሉ። ከኋላዬ ቆመው፣ እጃቸውን የወንበሬ መደገፊያ ላይ አድርገው፣ እንደ ፎቶ ቤቱ ዘመን ቀስ ብለው አስጻፉኝ።

«ከግራ ጀምር። በስተግራ የቆመችው ተስፋነሽ፣ ልብስ ሰፊ። በስተቀኝ ተሻለች፣ ዘፋኝ፤ ቀሚሱን የሰፋችላት ተስፋነሽ ናት። ጻፍክ?»

«ጽፌያለሁ።»

«ያነሣው ነገሳ፣ ሁሩታ አዳራሽ፣ 1979። ቀለም የቀባችው ኢስራ፣ ሁሩታ።»

ጽፌ ጨረስኩ። ኢስራን ሰኞ ወደ ግሩፑ መልሻታለሁ፣ ይቅርታዬንም በስድስት ሺህ ሰው ፊት ለጥፌዋለሁ። ሁሉም ያለቀ መስሎኝ ጣቴን ለመላክ አዘጋጀሁ።

«ቆይ» አሉ። «የቆረጠውም ይጻፍ እንጂ።»

ዞር ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፣ ቀልድም የለም። አንድ የጎደለ ነገር ያስታወሰ ሰው ፊት ነው።

«ዋናውን ፎቶ የቆረጠው ወንደሰን፣ አሰላ፣ ሐምሌ 2017» ብዬ ከሁሉም ሥር ጻፍኩና ላክሁት።

ስልኩን ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው፣ ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡት። ከዚያ መለሱልኝ።

«አሁን ማንም አልጎደለም» አሉ።